ሽታ የሌለው ቤት

እናቴ ወደ ክፍሌ የምትገባው አፍንጫዋን አስቀድማ ነው። በሩን ከፈት ታደርጋለች፣ ቆም ትላለች፣ አየሩን ሳብ ሳብ ታደርጋለች፣ ከዚያ በኋላ ነው "እንዴት አደርሽ?" የምትለው። አንድ ቀን "እማዬ፣ እንዴት እንዳደርኩ ነው ወይስ ምን ምን እንደምል ነው የምትጠይቂኝ?" ብላት ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። በሌላው ነገር ሁሉ ቀልድ የምታውቅ ሴት ናት፤ ስለ ሽታ ሲነሳ ግን ፊቷ ይጠቁራል።

ቤታችን ምንም አይሸትም። ቀልዴን አይደለም። ሽንኩርት የሚጠበሰው ጓሮ ነው፣ ያውም ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ከታየ በኋላ። የምንታጠብበት ሳሙና፣ ሳሙና ሳሙና እንኳ አይልም። መስኮቶቹ ከታሸጉ ዘመን የላቸውም፤ በየበሩ ሥር ደግሞ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተወትፏል። አክስቴ አንዴ ሽቶ ተቀብታ ብትመጣ እናቴ ከደጃፍ "ታጥበሽ ነይ" ብላ መለሰቻት፤ አክስቴ ከዚያ ወዲህ በስልክ ካልሆነ አታናግረንም። እኔ ጥፍሬን ቀለም ከተቀባሁ ስንት ጊዜዬ። ኮሌጅ ገብቼ፣ በየፈተናው ሰሞን እየወደቅሁ፣ በመጨረሻ አቋርጬ፣ ይኸው እዚህ ቤት ውስጥ ተዘግቶብኝ ቁጭ ብያለሁ። ጓደኞቼ ተመርቀው ሥራ ይዘዋል፤ እኔ አየር እንዳይገባኝ እጠበቃለሁ።

አባዬ ደግሞ ጭራሽ ቤት ውስጥ አይገባም።

አባዬ የቦቴ ሾፌር ነው። ናፍጣ ጭኖ ከዴፖ ወደ ማደያ፣ ከከተማ ከተማ ሲመላለስ ነው እኔን ያሳደገኝ። ከመንገድ ሲመለስ ጋራዥ ውስጥ ቆዳው እስኪላጥ ይታጠባል፣ ልብሱን እዚያው ይቀይራል፣ ከዚያ ግቢያችን ውስጥ ያለችው ሰርቪስ ክፍል ገብቶ ይተኛል። እኔን የሚያናግረኝ በክፍሌ መስኮት በመስታወቱ በኩል ነው። መስታወቱ ድምፅ ስለማያሳልፍ ይጮሃል፣ ሲጮህ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል፤ ስለዚህ እኛ ቤት ምስጢር የሚባል ነገር የለም። "ረዳቴ! በላሽ ወይ?" ይለኛል። ረዳቴ የሚለኝ ትንሽ ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ጋቢና ውስጥ አስቀምጦኝ ስለሄደ ነው። የመከራችን ሁሉ መነሻ ያቺ ቀን ናት።

ያን ሰሞን ውሰደኝ ውሰደኝ እያልኩ አላስቆም አላስቀምጥ ብዬው ነበር። "እሺ፣ ነገ" ያለኝ ለት እንቅልፍ የሚባል ባይኔ አልዞረም፤ ልብሴን ለብሼ፣ ጫማዬን አስሬ፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አደርኩ። በማግስቱ ከዚያ ሁሉ ከፍታ ላይ ሆኜ የትንንሽ መኪናዎችን ጣሪያ ቁልቁል ሳይ፣ አባዬ ጥሩምባውን አንዴ እንድነካ ሲፈቅድልኝ፣ ደስታዬን የት ላድርገው! በነጋታው ጎህ ሲቀድ ማስመለስ ጀመርኩ። የበላሁት ወጣ፣ የጠጣሁት ወጣ፣ ቢጫው ወጣ፣ ሆዴ ባዶ ከሆነም በኋላ አላቆመም። ሁለት ቀን ሙሉ ሐኪም ቤት ግሉኮስ ተሰክቶልኝ ተኛሁ። ከዚያ ድንገት ምንም እንዳልነበረ ተነስቼ "ራበኝ" አልኩ።

እናቴ የሂሳብ አስተማሪ ናት። አንድ ነገር ሁለቴ ከተደጋገመ ትጠረጥራለች፣ ሦስቴ ከተደጋገመ አበቃ፣ ታምናለች። ሦስቴ ተደጋገመ። አባዬ ከረጅም መንገድ በመጣ ማግስት እወድቃለሁ፤ ሄዶ ሲሰነብት ደህና ነኝ። ደግሞም እያስመለስኩ ሳለ ሊያቅፈኝ ሲጠጋ የናፍጣው ሽታ ያብስብኝ ነበር። እውነት ነው፣ ያብስብኝ ነበር። ያኔ ግን የማያብስብኝ ሽታ የለም፤ የእናቴ የራሷ ትንፋሽ እንኳ ያስነሳብኛል። እሷ ግን መልሱን አግኝታ ከሥሩ ሁለት መስመር አስምራበት ነበር። "ናፍጣው ነው" አለች። አባዬም "ናፍጣው ከሆነማ" ብሎ ትራሱን ይዞ ወጣ። አንዲት ቃል አልተከራከረም። ደሜን የሚያፈላው ይኼ ነው፤ ሰው እንዴት ከገዛ ቤቱ ውጣ ሲባል እሺ ብሎ ይወጣል?

ኮሌጅ ሳለሁ፣ አባዬ ሌላ ከተማ እያለ፣ በፈተና ሰሞን የወደቅሁትስ? "ኮሌጅሽ መንገድ ዳር ነው፣ መኪና ያልፋል" ትላለች። ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ለሽርሽር ልንሄድ ስንል ዋዜማውን የታመምኩትስ? "አውቶቡሱ በምን የሚሄድ መሰለሽ?" ለሁሉም መልስ አላት። ሐኪሞቹም ቢሆኑ አልጠቀሙኝም። አንዱ ጨጓራ አለ፣ አንዱ የተበላሸ ምግብ ነው አለ፣ አንዱ ትርፍ አንጀት ብሎ ቀዶ አወጣው። ትርፍ አንጀቴ ሄደ፣ ትውከቱ ቀረ። ጎረቤቶቻችን ደግሞ "ምን ይጠየቃል፣ አርግዛ ነዋ" አሉ። እነሱ እንዳሉት ቢሆን ኖሮ እስካሁን አንድ የኳስ ቡድን ከነተጠባባቂው በወለድኩ ነበር።

ሲመጣ አውቀዋለሁ። የሚገርመው ሁሌም አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። መጀመሪያ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ፊቴ ነጭ ወረቀት ይሆናል፣ እጅ እግሬ ይዝላል፣ አፌ በምራቅ ይሞላል፤ ልውጠው ብል አልችልም። ከዚያ ሊነጋጋ ሲል ይነሳል። አንዴ ከተነሳ የሚመልሰው የለም። ስንቴ እንዳስመለስኩ ይጠይቁኛል፤ ሰው ትንፋሹን ይቆጥራል እንዴ? ብርሃኑ ይወጋኛል፣ ድምፁ ይወጋኛል፣ ሲያናግሩኝ እሰማለሁ እንጂ መመለስ አልችልም። ውሃ እንደ ጉድ እጠጣለሁ፤ ጠምቶኝ ሳይሆን፣ ባዶ ሆድ ሲተናነቀኝ የሚወጣ ነገር ቢኖር ስለሚሻለኝ ነው። ያኔ የምመኘው ከራሴ ሰውነት መውጣት ብቻ ነው፣ በሩ ግን የት እንዳለ አላውቀውም። ከዚያ እንደ አመጣጡ ድንገት ያቆማል። ተነስቼ እበላለሁ፣ እስቃለሁ፤ ያየኝ ሰው ሁሉ "ይቺ ልጅ አስመስላ ነው" ይላል። በመሃሉ እንደ ማንም ጤነኛ ነኝ። ጤነኛ ሆኜ ቁጭ ብዬ ቀጣዩን እጠብቃለሁ።

ካለፈው ሕመሜ በኋላ አባዬ ቦቴዋን ጋራዥ አቆማት። የሥራ ልብሱን ሰብስቦ አቃጠለ፣ ጫማውን ጣለ፣ ሳምንታት ሙሉ ናፍጣ የሚባል ነገር በእጁ ሳይነካ ከረመ። እኔም ደህና ሆኜ ከረምኩ። እናቴ በየቀኑ ክፍሌ እየመጣች፣ አየሩን ሳብ እያደረገች፣ "አየሽ?" ትለኛለች። ከዚያ አንድ ከሰዓት አባዬ መስታወቱን አንኳኳ።

"ረዳቴ፣ ቦቴዋን ልሸጣት ነው።"

"ምን?"

"ሰው ተገኝቷል። ቅዳሜ ጠዋት የሱ ጋራዥ ድረስ ወስጄ አስረክበዋለሁ። ከዚያ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆኜ እገባለሁ፣ አናግሬያቸዋለሁ። እህል መቼም አይሸት!"

ሊያስቀኝ ነበር። እኔ ግን አልሳቅሁም። ቦቴዋ አሮጊት ናት፤ ጓደኞቹ "አንድ ሐሙስ የቀራት" እያሉ ይቀልዱባታል። እሱ ዳገት ላይ "አይዞሽ እናቴ፣ ደረስን" እያለ ያናግራታል። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ሌላ ሥራ አያውቅም፣ ሌላ ሥራም አይወድም። አባዬ ወንበር ላይ ተቀምጦ የመጋዘን በር ሲጠብቅ ታየኝና አንጀቴን በላው። "አባዬ፣ እንዳታደርገው!" ብዬ ጮህኩ። "አንቺን ትበልጣለች እንዴ?" ብሎኝ ሄደ። ከመስታወት በስተጀርባ ሆኖ ሰውን ተከትሎ መጨቃጨቅ አይቻልም።

እናቴን ግን አገኘኋት።

"እማዬ፣ ናፍጣ አይደለም!"

"እሺ፣ ታዲያ ምንድን ነው? ንገሪኛ!"

እዚህ ላይ ነው እጅ እግሬ የሚታሰረው። ምን እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ምን እንደሆነ አላውቅም።

"አባትሽ ከቆመ ወዲህ አሞሻል?" አለችኝ። "አላመመሽም።"

"ሁሌም በመሃል ደህና ነኝ እኮ! አሁንም በመሃል ነኝ!"

"ልጄን ድና ሳያት፣ አልዳንኩም ብለሽ ልትከራከሪኝ ነው?" ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ወዲያው ደግሞ ግንባሯን ያዘች። "ይኸው፣ ራሴን አስነሳሽብኝ።"

ራሷ ሲነሳባት መኝታ ቤቷ ገብታ መጋረጃ ትዘጋለች፣ ግንባሯን በጨርቅ ጠፍራ ታስራለች፣ እንዳንተነፍስ እንታዘዛለን። አንዳንዴ ያስመልሳታል። የጠመኔ አቧራ ያመጣብኝ ነው ትላለች፤ ጠመኔው ሲቀር ደግሞ ተማሪዎቹ ያመጡብኝ ነው አለች። እሷ ዘንድ ጥፋተኛ ሁሉ ከውጭ ነው የሚገባው። በሯን ዘግታ ተኛች፣ እኔም ወደ ክፍሌ ተመለስኩ።

ያኔ ነው አንድ እብደት የመጣብኝ። ከቅዳሜ በፊት ቢያመኝስ? አባዬ ንጹሕ ነው፣ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ቦቴዋ ከተማው ጥግ ቆማለች። አሁን ከታመምኩ እናቴ በምን ታመካኛለች? ዕድሜዬን ሙሉ የሸሸሁትን ነገር ና፣ ና እያልኩ መጥራት ጀመርኩ። ጠዋት ስነሳ ሆዴን አዳምጣለሁ፣ ምንም። ፊቴን በመስታወት አያለሁ፣ ጉንጬ ቀላ ብሏል፣ ያምራል። ወይ ጉድ! እንዲህ ሳምር እንኳ ሰው አያየኝም። ቀኑ እየሄደ ነው፣ እኔ ጤና በጤና ሆኛለሁ። ሲጠላ የኖረውን በሽታ የሚለምን ሰው ካለ እኔን ይመስላል፤ ብናገረው ማን ይሰማኛል? እናቴ ብትሰማ "አእምሮሽንም ናፍጣው ነው" ነበር የምትለኝ።

አርብ ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለ በሽታው ማሰቡንም ትቼው ነበር። የአባዬ እጆች፣ የዚያ የመጋዘን በር፣ "እህል መቼም አይሸት" ያለበት ሳቅ፣ እየተመላለሰብኝ ሳልተኛ ነጋ። ሊነጋጋ ሲል ሆዴን ባር ባር አለው።

መስታወቱ ተንኳኳ። አባዬ ነው። ለመንገድ የሚለብሳትን ቆዳ ጃኬት ለብሷል፤ እሷን ብቻ ሳያቃጥል በላስቲክ ጠቅልሎ ደብቋት ኖሯል። "ረዳቴ!" አለ ጮክ ብሎ፣ "ላስረክባት መሄዴ ነው! ሰላም ብላሻለች ልበላት እንዴ?" ከአልጋዬ ተነስቼ መስኮቱ ጋ ደረስኩ። አፌ በምራቅ ተሞልቷል፤ ብከፍተው የሚወጣው ቃል አይደለም። መስታወቱን በመዳፌ መታሁት። አትሂድ ብዬ እጄን አወዛወዝኩ። አባዬ እጄን አየና እሱም እጁን አንስቶ አወዛወዘልኝ፤ ቻው የምለው መስሎታል። እንደገና መታሁት። ሳቀና መዳፉን ከውጭ በኩል መዳፌ ላይ ለጠፈው። ከዚያ ዞሮ ሄደ። የመስኮቱን መዝጊያ ያዝኩ፣ ታሽጓል፣ አይነቃነቅም። የግቢው በር ሲዘጋ እየሰማሁ እዚያው መሬት ላይ ወደቅሁና ጀመረኝ።

እናቴ እየሮጠች ገባች። አየችኝ፣ ከዚያ ያው እንደ ልማዷ አየሩን ሳበች። ደግማ ሳበች። መጋረጃውን ይዛ አሸተተችው። ብርድ ልብሴን፣ ጫማዎቼን፣ ፀጉሬን፣ በእንብርክኳ ሆና የአልጋዬን ሥር አሸተተች። እጆቼን ይዛ አንድ በአንድ ጣቶቼን አሸተተች። ወጥታ የአባዬን ሰርቪስ ክፍል ደርሳ ተመለሰች። በሩ ላይ ስትቆም እጆቿ ባዶ ነበሩ፣ ፊቷ የሌላ ሰው ፊት ነበር።

"ምንም አይሸትም" አለች።

አልኩሽ አይደል ማለት እፈልግ ነበር። አፌ ሌላ ሥራ ላይ ነበር።

ሆስፒታል የደረስነው በታክሲ ነው፤ ባለታክሲው ወንበሩን እያሰበ፣ እናቴ ሳፋውን ይዛ፣ እኔ ሳፋው ውስጥ ሆኜ። ያገኘችን ሐኪም ከዚህ በፊት አይታኝ አታውቅም። የደከማት ሴት ናት፤ ጎኔ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሌሎቹ ሁሉ ቆመው ነበር የሚያናግሩን።

"የሚጀምራት መቼ መቼ ነው?" ብላ ጠየቀች እናቴን።

"ሊነጋጋ ሲል።"

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ።"

"የሚቆይባትስ?"

"ያው ነው፣ ሁለት ቀን ገደማ። አይጨምር፣ አይቀንስ።"

"በመሃል በመሃልስ እንዴት ናት?"

"በመሃልማ ምን አላት፣ ድንጋይ ብትበላ ይፈጭላታል።"

ሐኪሟ ቀና አለች። "ከመጀመሩ በፊት ባለው ቀን የሚሆን ነገር አለ?"

"አባቷ ይመጣል" አለች እናቴ። "ሾፌር ነው። ናፍጣ…" ብላ ጀመረችና ተወችው።

ሐኪሟ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ይቆጣታል? ይመታታል?"

"ኧረ ምን በወጣው!" አለች እናቴ ብድግ ብላ። "እሱ ዝንብ አይመታም! እሷ እኮ አባቷ ይመጣል ከተባለ መሬት አይበቃት። እንቅልፍ የለ፣ ምን የለ። መስኮቱ ላይ ተለጥፋ ነው የምታድረው፣ ደስታዋ…"

እዚያ ላይ ቆመች። በታመመ ዓይኔ ጭላንጭል አየኋት። ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ የራሷን ስሕተት ያገኘች አስተማሪ እንዴት እንደምትሆን አላውቅም፤ እንደዚያ ግን ይመስለኛል። ወንበሩን ፈልጋ ያዘች።

"ሌላስ ጊዜ?" አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ።

"ፈተና ሲደርስ" አለች እናቴ። "የሽርሽር ዋዜማ። ዛሬ ደግሞ… ትናንት ማታ እንቅልፍ አልወሰዳትም፣ ስትገላበጥ ሰምቻለሁ።"

"በቤተሰብ ራሱን የሚያመው ሰው አለ? መጋረጃ አስዘግቶ የሚያስተኛ፣ ብርሃንና ድምፅ የሚያስጠላ ዓይነት?"

እኔ መናገር አልችልም፤ ግሉኮስ የተሰካበትን እጄን አንስቼ በጣቴ አመለከትኳት።

ሐኪሟ ነገሩን አስረዳችን። እየዞረ የሚመጣ ትውከት ነው፤ ሳይክሊክ ቮሚቲንግ ሲንድረም ይሉታል። ማይግሬን የሚባለው የከባድ ራስ ምታት ዘመድ ነው፤ አንዱን ራሱ ላይ ይይዘዋል፣ አንዱን ሆዱ ላይ። ብዙ ጊዜ በቤተሰብ ይገኛል። ይኼ ነው ብሎ የሚያሳይ ምርመራ የለውም፤ ሌላ ሌላውን በሽታ መርምረው ካስወጡ በኋላ፣ የሚታወቀው በአመጣጡ ነው፤ ያው ሰዓት፣ ያው ምልክት፣ ያው ርዝመት፣ በመሃል ደግሞ ሙሉ ጤና። ሽታ፣ ሕመሙ አንዴ ከጀመረ በኋላ ያብሰዋል እንጂ የእኔን የሚቀሰቅሰው ናፍጣ አይመስልም። እንቅልፍ ማጣትና ልብን የሚያንጠለጥል ነገር ነው። "ደስታም ይሁን ጭንቀት፣ ለሆዷ ልዩነት የለውም" አለች። ምልክቱ ሲጀምር ቶሎ የሚወሰድ መድኃኒት አለ፣ እንዳይመላለስ የሚሰጥም አለ፤ ጨርሶ ይቆማል ብላ ግን ቃል አልገባችልንም። መብራቱን አስጠፋች፣ መጋረጃውን አስዘጋች፣ መርፌ አዘዘችልኝ።

"የኔ ነው ማለት ነው" አለች እናቴ ጨለማው ውስጥ። "ከኔ ነው የወረሰችው።"

"ጥፋት አይደለም፣ እናቴ። የዓይን ቀለም እንደ መውረስ ነው" አለቻት ሐኪሟ፣ ትከሻዋን ነካ አድርጋ ወጣች።

እናቴ ስልኳን አወጣች። ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ አይነሳም። አባዬ መሪ ከያዘ ስልክ አያነሳም፣ የፈለገው ቢደውል። ለመጨረሻ ጊዜ እየነዳት ነው ማለት ነው፣ ምናልባትም በዚያች ሰዓት "አይዞሽ እናቴ" እያላት ነው። እናቴ ደግማ ደወለች። ጋራዥ ረግጣ አታውቅም፤ የናፍጣ ሽታ በኔ ሳይሆን በሷ ላይ ነው ራስ ምታት የሚያስነሳው፣ ያን ቀን ነው የገባኝ። እጇን ያዝኩና ያለኝን ትንፋሽ ሁሉ ሰብስቤ "ሂጂ" አልኳት።

"እንዲህ ሆነሽ ጥዬሽ?"

"ሂጂ!"

ነርሷን ጠርታ "አደራሽን" አለቻትና ሮጠች። በነጠላ ጫማ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ አልወደውም፣ ላወራውም አልፈልግም። ክንዴ ላይ መርፌ፣ አገጬ ሥር ሳፋ፣ ዙሪያዬ ጨለማ። ነርሷ ጀርባዬን ታሻለች፣ እኔ አስመልሳለሁ፣ ትንሽ ጋብ ይላል፣ ደግሞ ይመጣል። የቦቴዋ ቁልፍ ከአባዬ እጅ ወደ ሌላ ሰው እጅ ሲያልፍ ይታየኛል። መነሳት አልችል፣ መናገር አልችል፣ መተኛት እንኳ አልችል። ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ታምሜአለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ሰውነቴ ውስጥ ታስሬ አላውቅም።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ናፍጣ። ያረጀ ቆዳ ጃኬት ውስጥ የገባ ናፍጣ። ሆዴ ተገለበጠ፣ ልቤ ግን ዘለለ።

አባዬ በሩ ላይ ቆመ። ከደጁ ጫፍ አላለፈም፤ ያ ሁሉ ዓመት ያስለመደው ነው። "ልብሴን አልቀየርኩም" አለ ለእናቴ በሹክሹክታ። "ያብስባታል።"

"ግባ" አለችው።

"አይ፣ ልታጠብና…"

"ግባ ስልህ!" ብላ በሁለት እጇ ጀርባውን ገፋችው። ያ ግዙፍ ሰውዬ ተንገዳግዶ ገባና አልጋዬ ጎን ቆመ። እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው አያውቅም።

"እናትሽ ሰውዬውን ከጋቢና አስወረደችው" አለኝ ጎንበስ ብሎ። "ተቀምጦ መሪዋን ሲሞክር ደረሰች። 'ቃል ተገብቶልኛል' ቢላት፣ 'ቃል የገባልህ እሱ ነው፣ እኔ አልገባሁልህም፣ ውረድ!' አለችው። ቁልፉ ኪሷ ውስጥ ነው። ለኔም አልሰጠችኝም።"

እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ግንባሯን ይዛለች፤ ራሷ ተነስቷል። አባዬ እሷን አየና ወደኔ ዞረ።

"ረዳቴ… ስመጣ ደስ ስለሚልሽ ነው አሉኝ።"

ራሴን ነቀነቅሁለት።

"ታዲያ ምን ይሻላል? ከእንግዲህ ተቆጥቼ ልምጣ?"

ሊያስቀኝ ነው፣ ያው አባዬ። ሳቄ መጣ፣ ሳቁ ግን ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ ወደ ሌላ ነገር ተቀየረና ተነሳብኝ። አባዬ ሳፋውን ከነርሷ ተቀብሎ ያዘልኝ። እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ከጎኔ ቆሞ ካየኝ ዘመን የለውም፤ በግድግዳና በመስታወት በኩል ነው ሲሰማው የኖረው። አንዴ ነው ብሎ ጠበቀ፣ ደገመኝ። አበቃ ብሎ ጠበቀ፣ ደገመኝ። ናፍጣው አፍንጫዬ ሥር ነው፣ ትውከቱ ግን ከሌላው ጊዜ አልበዛም፣ አላነሰም። ጋብ ሲልልኝ ቀና ብዬ ሳየው ፊቱ በእንባ ርሷል።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው?" አለ። የጠየቀው እኔን አልነበረም።

"ሁልጊዜ" አለች እናቴ ከግድግዳው ጋ። "ሁልጊዜ እንዲህ ነው።"

ያ ሁሉ ዓመት እሷ ብቻዋን ነበረች። አባዬን ያስወጣችው ራሷ ናት፣ ብቻዋን የቀረችውም ራሷ ናት፤ እኔ በሷ ስናደድ ይኼን አስቤው አላውቅም። አንድም ቀን ደከመኝ ስትል አልሰማኋትም።

እንደገና መጣብኝ። እናቴ እንደ ልማዷ ከግድግዳው ተላቃ ወደ ሳፋው ተንደረደረች።

"ተቀመጪ" አላት አባዬ፣ "ይዤዋለሁ።"

እናቴ ወንበሩን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች።